የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከጊዜ ቀጠሮ ችሎት ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነሽ። «የሲቪል መብቶች አጠባበቅ በኢትዮጵያ» ብለሽ ያስገባሽውን ፕሮፖዛል አማካሪሽ ሰፊ ነው ብለው መልሰውልሻል። አሁን ወቅታዊ እንዲሆን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልቀይረው ወይ ነው ያልሽው። አትቀይሪው። የያዝሽው ጉዳይ ከበቂ በላይ ወቅታዊ ነው፣ የሚቀረው ማጥበብ ነው። ለዓመታት የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳማክርና ስፈትን ስለቆየሁ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ሰፊ ርዕስ የያዙ ጽሑፎች ይመሳሰላሉ። መጀመሪያ ረጅም የመብት ታሪክ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ በአንቀጽ ይዘረዘራል። መጨረሻ ላይ «የአፈጻጸም ክፍተት አለ» ይባላል። መኖሩንማ ማን ያጣዋል? ፈታኝ የሚጠይቅሽ ክፍተቱ በማን እጅ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚፈጠር ነው። ስለዚህ መብቱን በጅምላ ከማንሳት መብቱ የሚፈተንበትን አንድ ቦታ ምረጪ።

እኔ ብሆን የጊዜ ቀጠሮን፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው በእስር እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደውን ጊዜ፣ እመርጣለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። እዚያው ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ በዋስ የመፈታት መብት ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ግን የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 ይመጣል። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ፣ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል። ስንት ጊዜ ሊደጋግመው ይችላል? ቁጥር 59 አይናገርም። ያ ብዙ የተወቀሰው የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 እንኳ ጠቅላላው ከአራት ወር እንዳይበልጥ ገደብ ነበረው። እኔ ይህ ነጥብ ብቻውን አንድ ጥሩ የጥናት ጥያቄ ይወጣዋል ባይ ነኝ።

የፍርድ ቤት መዝገብ ስታገኚ የፖሊስን የመጀመሪያና የሁለተኛ ማመልከቻ ጎን ለጎን አስቀምጪ። «የቀሪ ምስክሮችን ቃል ለመቀበል፣ ግብረ አበሮችን ለመያዝ፣ የቴክኒክ ማስረጃ ለማስመጣት» የሚል ዓይነት ነገር ታነቢያለሽ። ሁለተኛው ላይ ያው ቃል በቃል ከተደገመ፣ በመሃል ባሉት ቀናት ምን ተሠራ? ችሎቱስ ይህን ጠይቋል ወይስ «ምርመራው ስላልተጠናቀቀ» ብሎ አልፎታል? ስንት ቀን ተጠየቀ፣ ስንት ተፈቀደ፣ ተጠርጣሪው ጠበቃ ነበረው ወይ? ዋስትና ተከልክሎ ከሆነ ደግሞ የዚያኑ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 67ን አውጪ። ዋስትና የሚከለከልባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የዋስትናውን ግዴታ አይፈጽምም፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል፣ ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲገመት። ትእዛዙ የትኛውን እንደጠቀሰና ግምቱን የሚደግፍ ፍሬ ነገር መኖር አለመኖሩን መዝግቢ። ከዚህ የሚወጣው አንድ ሠንጠረዥ የጽሑፍሽ ዋና አካል ይሆናል።

ታሪክ ካስፈለገሽ 1993ን አትለፊው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሳለ፣ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያው እንደገና ተያዙ። ከዚያም በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። አንድ መብት በአዋጅ እንዴት እንደሚጠብ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እንዲህ ዓይነት ሕግ ስታጠኚ ሐተታ ዘምክንያቱን (ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚያብራራውን ሰነድ) እና የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ፈልጊ። ሕግ አውጪው ምን ብሎ እንዳሳመነ የሚታየው እዚያ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤሽን ዛሬውኑ ከትምህርት ክፍሉ አውጪ። መዝገብ ቤት «ነገ ነይ» ማለቱ አይቀርምና ጊዜ ይዘሽ ግቢ። መዝገቡ እስኪገኝ ግልጽ ችሎት ገብተሽ ተቀመጪ፣ ወረቀት ላይ የማይሰፍር ብዙ ነገር ትሰሚያለሽ። የተጠርጣሪ ስም በጽሑፍሽ ውስጥ እንዳይገባ፣ በኮድ ተኪው። ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው ስም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዘላለም መቀመጥ የለበትም። ቤተሰብ ቀርቦ «ልጃችንን ታስፈቺልናለሽ?» ቢልሽም ተማሪ መሆንሽንና ማድረግ የምትችይውን በግልጽ ንገሪያቸው። ተስፋ ሰጥቶ መሄድ ግፍ ነው።

ምክረ ሐሳብሽ ላይ «ፍርድ ቤቶች ቁጥር 59ን ኢሕገ መንግሥታዊ ነው ይበሉ» ብለሽ እንዳትቸኩይ። በአንቀጽ 83 የሕገ መንግሥት ክርክርን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 13 ግን ፍርድ ቤቶችም መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው ይላል። ዳኛው ቁጥሩን ሳይሽር፣ ከአንቀጽ 19 ጋር አስማምቶ እስከ የት ሊተረጉመው ይችላል? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ውሳኔዎቹ የታተሙባቸውን ቅጾች አገላብጪ፤ ውሳኔውን ሙሉውን አንብቢ እንጂ ማጠቃለያዋን ይዘሽ አትሩጪ።

«በዚህ ጉዳይ የተሠራ ጥናት የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም አውጪው። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትንና ሚዛን ሎው ሪቪው የተባለውን የሕግ መጽሔት ሳታዪ እንዲህ ማለት አይቻልም።

ቴክኖሎጂውን ካልተውሽው ደግሞ እዚያው መዝገብ ውስጥ አለልሽ። ዛሬ ፖሊስ ቀጠሮ ከሚጠይቅባቸው ምክንያቶች አንዱ የተጠርጣሪውን ስልክ ማስመርመር ነው። አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል፣ በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ስልኩ በማን ፈቃድ ተከፈተ? የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር? ተጠርጣሪው የይለፍ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠይቋል? የምታገኚያቸው መዝገቦች ለዚህ መልስ ካላቸው ርዕስሽን እዚህ ላይ አጥብቢውና ለአማካሪሽ አሳዪ። የጥናት ጥያቄዎቹን ስትጽፊ እዚሁ ለጥፊያቸው፣ አይቼ አስተያየቴን እሰጥሻለሁ።