ከአክራ ተነስቶ ኬፕ ኮስትንና ኤልሚናን በአንድ ቀን

እህቴ፣ «ከአክራው ስብሰባ በኋላ አንድ ትርፍ ቀን አለኝ፤ ባሮች ይታጎሩባቸው የነበሩትን የጋና የባሕር ዳርቻ ምሽጎች ከአስጎብኚ ጋር ለማየት ይበቃኛል ወይ?» ላልሽው፣ ይበቃል፤ ግን ጎህ ሳይቀድ ውጪ። መንገዱ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገድ ላይ ባለችው በካሶአ ከተማ የሚያጋጥምሽ መጨናነቅ የሜክሲኮን የማታ ሰልፍ ያስንቃል።

ምሽጎቹ የራሳቸው አስጎብኚዎች ስላሏቸው ከአክራ መኪናና ሹፌር ብቻ ብትይዢም ይሆናል።

ኬፕ ኮስት ላይ ወንዶች ባሮች የታጎሩበት ጨለማ ክፍል አለ፤ ከላዩ ደግሞ እንግሊዞች የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ነበር። እዚያ ቆም በይ፣ አትቸኩዪ።

ለእኔ ግን የሚበልጠው ኤልሚና ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1482 ሠሩት፣ በ1637 ደቾች (ሆላንዶች) ወሰዱት፣ በ1872 ለእንግሊዝ ተላለፈ። በዛሬዋ ጋና የነበረው የአሻንቲ መንግሥት ንጉሥ የሆነውን ፕሬምፔ ቀዳማዊን እንግሊዞች በ1896 ይዘው ያሰሩት እዚሁ ነው፤ ኋላ ወደ ሴራሊዮን፣ ከዚያም ወደ ሲሼልስ አጋዙት፤ አገሩ የተመለሰው በ1924 ነው። የታሰረበትን ዓመት፣ 1896ን፣ ልብ በይው፤ የእኛ አባቶች ዓድዋ ላይ ድል ያደረጉበት ዓመት እኮ ነው! ፒያሳ በምኒልክ ሐውልት ሥር ስናልፍ ያደግን ሰዎች የንጉሡን እስር ቤት ስናይ የሚሰማን ከሌላው ጎብኚ የተለየ ነው።

የካኩም ጫካን የገመድ ድልድይ እንጨምርልሽ ካሉሽ እምቢ በይ፤ የምሽጎቹን ሰዓት ይሻማል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢ፤ ጋና ሲገቡ ይጠየቃል።