እንቅልፍ ያጣ ሰው መፈልፈያ ላይ ሲቆም

ጥያቄ፦ ጎማ ወረዳ ውስጥ ቡና አለን። ለቀማው ከተጀመረ ወዲህ ባለቤቴ ሌሊት በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲጠብቅ ያድራል፤ ቀን ለቃሚዎችን ያሰማራል፣ ማታ በባትሪ መብራት የቀይ ቡናውን ቆዳ የሚልጠው ማሽን፣ መፈልፈያው ላይ ይቆማል። በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። በቀደም ማሽኑ ቢታነቅበት ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን ሰደደና ማሽኑ የኮቱን እጅጌ ያዘው። አላህ ነው ያተረፈው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን አላህ አተረፈላችሁ። ቁጣውም አደጋውም ከአንድ ድካም የመጡ ናቸውና ከሥራው ሰዓት እንጀምር።

ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያ ውስጥ ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ባለቤትዎ በጨለማ የሚቆሙት ይህን ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸውም ልክ ነው። እንግዲያው ለቀማውን በማሽኑ አቅም መጥኑት። መፈልፈያችሁ በሰዓት 200 ኪሎ የሚጨርስ ከሆነና ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ከፈለፈላችሁ፣ የቀኑ ለቀማ ከ600 ኪሎ አይለፍ። የተረፈውን ያንኑ ማታ አልጋ ላይ አሳስታችሁ አስጡት፤ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቆዳው የደረቀ ቡና፣ ይሁን። ዋጋው ተፈልፍሎ ከታጠበው ቢያንስም ጣት አያስቆርጥም።

ማሽኑን የሚያንቁት ድንጋይ፣ ጭራሮና የደረቀ ፍሬ ናቸው። ቡናውን አስቀድማችሁ ውኃ በርሜል ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ፤ ደረቁና ጭራሮው ሲንሳፈፍ ቅለፉት፣ ከዘቀጠው ውስጥ ድንጋዩን ልቀሙ። ከታነቀ ግን ሞተሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። እስኪቆም ጠብቁ፣ ከሞተሩ ወደ መፈልፈያው የሚዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ አውልቁ፣ ከዚያ በእንጨት አጽዱ። የታነቀው ከበሮ ሲለቀቅ በድንገት ይዞራልና ቺንጊያው ካልወለቀ እጅ ይዞ ይሄዳል። ቺንጊያውን በቆርቆሮ ሸፍኑት። ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ሻሽ ያለው ሰው አይቅረብ፤ ልጆች ቡና ለማቀበል እንኳ አይምጡ።

እጅ ቢቆረጥ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ ክንዱን ከፍ አድርጋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በየቤቱ የተለመደውን፣ ቁስል ላይ የቡና ዱቄት መነስነስ፣ እባካችሁ ተዉት፤ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ለሐኪሙም ማጠቡን ያከብድበታል።

ጥበቃውን ከጎረቤት ጋር ተካፈሉ፤ አንዱ ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 7፣ ሌላው ከ7 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። ሁለተኛውን ተራ የጠበቀ ሰው በማግስቱ ማሽን አይንካ። ጫት ቅሞ ማደርም አያዋጣም፤ ዓይን ይከፍታል እንጂ ድካም አያወጣም፣ ሊተኙ ሲሉም እንቅልፉን ይከለክላል።

የለቃሚ ክፍያና የዕዳ ነገር ወደ ጥበቃ ሲወጡ አይንሣባቸው። ተኝተው ሲነሡ፣ ቡና ተፈልቶ፣ የተለቀመው ኪሎ፣ የተከፈለውና የቀረው ደብተር ላይ ይጻፍ። ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የሚዞር ሒሳብ እንቅልፍ ይነሣል።

ተራው ተስተካክሎም 2 ሳምንት ያህል እንቅልፍ ከራቃቸው፣ ምግብ ካስጠላቸው ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከወጣቸው ግን 2 ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው፣ ብቻቸውን አይተዋቸው፣ ቤት ያለውን የአረምና የተባይ መድኃኒትም ቆልፈው ቁልፉን ለሌላ ሰው ይስጡ።