መልስ፦ በጎንደር የሦስት እምነቶችን ቅርስ ስለ መጎብኘት

በጎንደር ከፋሲል ግቢ ሌላ የክርስቲያኑን፣ የሙስሊሙንና የቤተ እስራኤልን ቅርስ በአንድ ጉዞ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ሆኖም ከግቢው ቅጥር ወጥተው ወደ ሰፈሮቹ መዝለቅ ይኖርብዎታል።

በመላእክት ሥዕል ጣሪያው ከተሞላው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ ምክንያቱም በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) በድንበሩ ከተማ በመተማ በኩል ገብተው የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠሉ ጊዜ ከጥፋት የተረፈ በመሆኑ፣ ጎንደር ለሱዳን ድንበር መቅረቧ ምን እንዳስከተለባት በግልጽ ያሳያል። ያው የድንበር መንገድ ግን ንግድንም አምጥቷል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ በኋላ የሰፈሩበት አዲስ ዓለም የነጋዴዎች መኖሪያ የነበረ ሲሆን፣ አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ሳያሳዩት ማለፋቸው በእውነት ያሳዝነኛል።

የቤተ እስራኤላውያን መንደር የነበረችው ወለቃ ከከተማዋ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ፣ ሸክላ ብቻ ገዝተው ከመመለስ ይልቅ ምኵራቡን ይመልከቱ፤ የሰፈሩንም ሽማግሌዎች ያነጋግሩ። ወደ መተማ የመሄድ አሳብ ካለዎት አስቀድመው የመንገዱን ጸጥታ ያጣሩ።