መሪው የሚንኳኳው ከውስጥ ነው

ጠያቂያችን የጻፉልን ከደሴ፣ ከሆጤ አካባቢ ነው። ቪትዝ መኪናቸው ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄድ ከፊት በግራ በኩል «ቋ፣ ቋ» ትላለች። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሐረጎ ላይ ፍሬን ሲይዙ መሪው ይዋልላል፤ የግራው ጎማ የውስጥ ጠርዝም ተበልቷል። ከጥቂት ጊዜ በፊት የግራው ታይሮድ (የመሪውን ሳጥን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) የውጭ ጫፍ በአዲስ ተቀይሮላቸው ነበር። ድምፁ ግን ወዲያው ተመለሰ፤ ቀጥ ባለ መንገድ ሲነዱም መሪው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። «ራሴ መቀየር እችላለሁ ወይ? የቱንስ ልቀይር?» ይላሉ።

አብሽሩ፣ ይችላሉ። የቱን ለሚለው ግን፣ መኪናዋን ሳላያት የምጠረጥረው የውስጡን ታይሮድ ነው። ድምፁ ወዲያው የተመለሰው መጀመሪያውኑ ከውጭ ስላልነበረ ነው። የመሪው ማዘንበልና የጎማው መበላት ደግሞ ሌላ ታሪክ ይነግሩኛል፤ አዲሱን ጫፍ ያሰረው ሰው አሮጌው ስንት ዙር ገብቶ እንደነበር አልቆጠረም። ዘንጉ አጥሮ፣ ጎማው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቀርቷል። ይህ ጥርጣሬ ነው፤ በእጅ ይረጋገጣል።

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ። ደሴ ላይ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የጦሳን ቁልቁለት ይዘው ክሪክ አይትከሉ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን በሁለቱም በኩል ያስደግፉ፣ ከዚያ አንስተው በብረት ካቫሌቶ (ባለ እግር መደገፊያ) ላይ ያሳርፏት። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አይደለም። ድንጋይም መደገፊያ አይደለም፤ ኮብልስቶን ጭነት ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘው ያወዛውዙት። አንድ ረዳት ሲያወዛውዝ እርስዎ በአንድ እጅዎ የውጩን ጫፍ፣ በሌላው ከመሪው ሳጥን ጋር የተያያዘውን ተጣጣፊ ጎማ ጨበጥ ያድርጉ። በተጣጣፊው ጎማ ውስጥ የውስጡ ታይሮድ ኳስ ስትረግጥ መዳፍዎ ይሰማል። ያ ከሆነ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲያወዛውዙት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ኩሽኔታውን ወይም የታችኛውን ቦልጆይንት ይመልከቱ፤ ታይሮድ ቢቀይሩ ገንዘብዎን ነው የሚያባክኑት። ተጣጣፊው ጎማ ተቀዶ ካገኙትም አይገረሙ። የቀደመው ጥገና በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ አስሮት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አቧራና ውሃ እዚያ ገብቶ ከግሪሱ ጋር ሲቦካ ኳሷን ይበላታል። ከታይሮዱ ጋር ተጣጣፊውን ጎማም ይግዙ።

የውስጡን ለማውጣት የውጩ መፈታት አለበት፤ ብዙ ሰው መኪናውን የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ታገሡኝ። የውጩ ጫፍ ፒን ሾጣጣ ነው፤ የሚገባበት ቀዳዳም እንደዚያው። የመጥረቢያ ራስ በዛቢያው ላይ በተመታ ቁጥር እንደሚጠብቅ፣ ፒኑም ወደ ቀዳዳው በተሳበ ቁጥር ይነክሳል። ዳዶው ሥራው መሳብ ብቻ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው የሁለቱ ሾጣጣ ፊቶች ንክኪ ነው። ስለዚህ ዳዶው ቢፈታም ፒኑ አይወድቅም፤ በመዶሻ የፒኑን አናት የሚቀጠቅጡት ጥርሱን ከማበላሸት በቀር የሚያተርፉት የለም። መመታት ያለበት ቀዳዳው ያለበት የብረት ክንድ ነው፤ ከጎኑ፣ በደህና መዶሻ፣ አጥብቆ። ቀዳዳው ለቅጽበት ይጣመማል፣ ንክሻው ይለቃል፣ ፒኑ ጠብ ይላል። ዳዶውን በጥቂት ጥርስ ይተዉት፤ ሲለቅ ይይዝልዎታል። ሹካ መሰሉን መንቀያ አይጠቀሙ፤ የአዲሱን ጫፍ ጎማ ይቀድብዎታል።

ንክኪው ይህን ያህል ዋና ከሆነ፣ ሲመልሱት ሁለቱም ፊቶች ንጹሕና ደረቅ መሆን አለባቸው። ግሪስ አይቀቡ። ልቅ ሆኖ የተነዳ መኪና ቀዳዳው ሊሰፋ ይችላል። ለማወቅ ፒኑን ስስ ጥላሸት ቀብተው ያስገቡት፣ ትንሽ አዙረው ያውጡት፤ ጥላሸቱ ዙሪያውን እኩል ከተፋቀ ቀዳዳው ደህና ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከተፋቀ ክንዱ ራሱ ተበልቷል፤ ምንም አዲስ ጫፍ አያድነውም።

ከመፍታትዎ በፊት የውጩን ጫፍ በዘንጉ ላይ የሚቆልፈው የማጥበቂያ ዳዶ ያለበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ፣ የዘንጉን ርዝመት ይለኩ፣ የውጩ ጫፍ ሲወጣ ዙሮቹን ይቁጠሩ። የተጣጣፊውን ጎማ ማሰሪያ ይፍቱ፤ ከውስጥ ያለውን የታጠፈ የመቆለፊያ ቀለበት በስስ መሮ ያቅኑት። አሁን ጥንቃቄ! ታይሮዱን በአንድ መፍቻ ሲፈቱ የመሪውን ጥርሳም ዘንግ በሌላ መፍቻ ይያዙት። ካልያዙት ጉልበትዎ በሙሉ በመሪው ሳጥን ጥርሶች ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሳጥኑን ለመቀየር ነው የሚፈልጉኝ። አዲሱን በአዲስ ቀለበት ያስሩ፣ ቀለበቱን አጥፈው ይቆልፉ።

ዕቃ ሲገዙ ኳሷን በእጅዎ ያዙሯት። ደህናው ይከብዳል፣ እየተንቀራፈፈ ይዞራል። በራሱ የሚወድቅ ከሆነ የፈለገ ቢያብረቀርቅ ለሻጩ ይመልሱለት፤ ገና ሳይነዳ ያረጀ ዕቃ ነው። ርካሽ ማሸጊያ ውስጥ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይላላ በፒኑ ቀዳዳ ገብቶ የሚታጠፍ ሽቦ) የሌለው ካገኙ ለብቻው ይግዙ። የእርስዎንም ሲፈቱ በኮፒሊያ ፈንታ ምስማር ታጥፎ ቢያገኙ እኔ አይደንቀኝም፤ ቁርጥ ብሎ ሲወድቅ ግን ዳዶው ይላላል፣ ሐረጎ ላይ ደግሞ ማንም አይመልስልዎትም።

የውጩን ጫፍ ፒን ዳዶ ለዚህ መኪና 49 ኒውተን ሜትር ያጥብቁት። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምረው ያጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አይፍቱት፤ ቀደም ያለው ጥገና የፈታው ይመስለኛል። የጎማውን ዳዶዎች በ103 ያጥብቁ፣ ይህን የሚያደርጉት መኪናዋ መሬት ላይ ካረፈች በኋላ ነው። ከታች ገብተው ማየት ከፈለጉ ካቫሌቶው አሁንም ከሥር ይኑር፤ «ለአንዲት ደቂቃ ነው» ብለው በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለች መኪና ሥር አይግቡ።

በመጨረሻ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስለካትና ማስተካከል) ሳያስደርጉ ሩቅ አይንዱ። የቆጠሩት ዙር ወደ ጋራዡ ያደርስዎታል እንጂ ጎማውን አያስተካክልም፤ የበፊቱ ባለሙያ ቆጥሮ ባያውቅም እንኳ ያጠረውን ዘንግ የሚያስረዝመው የአላይመንቱ መሣሪያ ነው። የአላይመንት ሠራተኛው መሪውን ቀጥ አድርጎ ቆልፎ ይለካ፤ እርስዎም አጠገቡ ቆመው ሁለቱም የማጥበቂያ ዳዶዎች ሲታሰሩ ይመልከቱ። የተበላውን ጎማ ወደ ኋላ ያዛውሩት፤ የውስጥ ሽቦው ከታየ ግን ይጣሉት።