የሚያጉረመርም፣ የሚያነክስና ሾርት የሚፈጥር ሎኮሞቲቭ

ጥያቄ፦ አዳማ ቤቴ ውስጥ ባለ 12 ቮልት ዲሲ፣ ባለ ሁለት ሃዲድ የሞዴል ባቡር መስመር ዘርግቻለሁ። ሦስት አሮጌ ኤችኦ (በ1 ለ87 የተቀነሱ) ሎኮሞቲቮች በእጄ ገብተዋል። አንዱ ያጉረመርማል እንጂ አይሄድም። ሁለተኛው ቀጭ ቀጭ እያለ ያነክሳል። ሦስተኛው ገና ሃዲዱ ላይ ሲቀመጥ ትራንስፎርመሩ ይቆርጣል። የትኛውን ልጠግን?

መልስ፦ ሦስተኛውን ይተዉት። ገልብጠው ሆዱን ይዩት፤ መሐሉ ላይ ረዘም ያለ ተንሸራታች ብረት ካለ፣ የጀርመኑ ማርክሊን ኩባንያ እንደሠራቸው የድሮ ባቡሮች ለባለ ሦስት መስመር ኤሲ የተሠራ ነው። የግራና የቀኝ ተሽከርካሪ እግሮቹ በብረት ዘንግ ስለሚገናኙ ሁለቱን ሃዲዶችዎን ያጋጫል። ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርገው ሁለቱን እግሮች ሲነኩ ከጮኸ ነገሩ አለቀ። አልተበላሸም፤ መስመሩ ሌላ ነው እንጂ።

የቀሩትን ሁለቱን ከመፍታትዎ በፊት ሻንሲያቸውን በደማቅ ብርሃን ይመርምሩ። እርሳስ የገባበት የዚንክ ቅይጥ በዕድሜ ያብጣል፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፣ ይጎብጣል። ይህን ካዩ አይድከሙ፤ መድኃኒት የለውም።

የሚያጉረመርመው ሞተር ኤሌክትሪክ ደርሶታል፣ መዞር ግን አቅቶታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እንደ ሙጫ የደረቀ ግራሶ ነው። እንደዚህ ቆሞ ኤሌክትሪክ አይልቀቁበት፤ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል። እግሩንም በጣት ለማዞር አይታገሉ። ቪቴ የመሰለው ጠመዝማዛ ጥርስ ሞተሩ እግሩን እንዲያዞር እንጂ እግሩ ሞተሩን እንዲያዞር ስለማይፈቅድ ጥርስ ይሰብራሉ። ሞተሩን ከጥርሶቹ ለይተው ዘንጉን ብቻ ያዙሩ። በቀላሉ ከዞረ ችግሩ ጥርሶቹ ጋ ነው፤ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። ቤንዚንና ቲነር አያስጠጉ፣ ፕላስቲክና ቀለም ይበላሉ።

ካልዞረ ወይም ሲዞር ከከበደ ወደ ሞተሩ ይግቡ። ካርቦኖቹንና ሞላዎቻቸውን ያውጡ (ሞላው ተፈናጥሮ ስለሚጠፋ ነጭ ጨርቅ ላይ ይሥሩ)። ኮሚዩቴተሩን (ካርቦኖቹ የሚነኩትን፣ በክፍሎች የተከፋፈለውን የመዳብ ቀለበት) አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ጠርገው፣ በክፍሎቹ መሐል ያለውን የካርቦን ብናኝ በስቴኪኒ ያውጡ፤ ሾርት የሚያደርገው እሱ ነው። የብርጭቆ ወረቀት አይጠቀሙ፤ የሚተወው ጭረት አዲሱን ካርቦን ይሞርደዋል። ባለ ሦስት ጥቅል ሞተር ከሆነ ክፍሎቹን ሁለት ሁለት አድርገው በኦም ይለኩ፤ ሦስቱም ንባቦች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከተለየ፣ ወይም ከክፍሎቹ አንዱ ከዘንጉ ጋር ከተገናኘ፣ ጥቅሉ ሄዷል። ማግኔቱ ግልጥ በሆነ አሮጌ ሞተር ላይ ሮተሩን (የሚዞረውን የሽቦ ጥቅል) ዝም ብለው አይምዘዙ፤ ማግኔቱ ይደክማል። ማውጣት ግድ ከሆነ ወዲያው የማግኔቱን ሁለት ጫፎች በብረት ቁራጭ ያገናኙ።

ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ዘንጉን ለሚይዘው ለእያንዳንዱ ቡሽ አንድ ጠብታ፣ ኮሚዩቴተሩን ሳይነካ። ከዚያ በላይ ካፈሰሱ የአዳማ ነፋስ ከሚያመጣው አቧራ ጋር ተቦክቶ ሞረድ ይሆናል።

ሲሞክሩት የባጃጅ ፍሬቻ አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት 10 ዋት፣ በአንዱ ሽቦ ላይ በተከታታይ ያስገቡ። አምፖሉ ከጋለ በኋላ ከ0.83 አምፔር ገደማ በላይ አያሳልፍም። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ሞተሩ ታስሯል ወይም ሾርት አለ፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘና ሞተሩ ከዞረ ደኅና ነው። በየአቅጣጫው 15 ደቂቃ ያህል ያለ ጭነት ያስኪዱት።

የሚያነክሰው ቀላል ነው። እግሩ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ ቀጭ ካለ፣ ዘንጉ ላይ የተጠቀጠቀው ባለ ጥርስ የፕላስቲክ ክብ በሁለት ጥርሶች መሐል ተሰንጥቋል። ክፍተቱ ስለሚሰፋ ጠመዝማዛው እዚያ ሲደርስ ይሰናከላል። በሙጫ አይድከሙ፣ እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ሙጫ አይዝም፤ ቢይዝም ዘንጉ መልሶ ይከፍተዋል። ጥርሶቹን ቆጥረው፣ የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር ለክተው ተመሳሳዩን ይዘዙ። ከሁለቱ መጀመሪያ ይህንን ይጠግኑ።

ሐሳብዎ የድሮውን የጅቡቲ መስመር መሥራት ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ። ያ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በ1 ለ87 ሲቀንስ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእርስዎ ሃዲድ ስፋት፣ 16.5 ሚሊ ሜትር፣ ከአዲሱ የጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ጋር ነው የሚገጥመው።