ታምሜ ማልቀሴ እምነት ማጣት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶብኝ የሆርሞን መርፌ እየወሰድኩ ነው፤ ጨረርም ታዝዞልኛል። በድንገት ላብ ያጠምቀኛል፣ ድካሙ አያስቆመኝም፣ ሽንትም ያመልጠኛል። የማኅበር ወንድሞቼ «ቀና ቀናውን አስብ፣ የሚያዝን አይድንም» ይሉኛል። ሌሊት ግን አለቅሳለሁ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን? ጸበልስ ከመድኃኒቱ ጋር ልውሰድ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎ። «የሚያዝን አይድንም» የሚል ቃል በመጻሕፍት አላገኘሁም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፤ እጅግም አለቀሰ። እግዚአብሔር በለቅሶው አልተቆጣውም። «ጸሎትህን ሰምቻለሁ፥ እንባህንም አይቻለሁ» ብሎ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ሲል ሐዘኑን ከደቀ መዛሙርቱ አልሸሸገም። ታዲያ ፈገግታ የሃይማኖት መለኪያ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ወንድሞችዎ ለክፋት አላሉትም፤ ነገር ግን ሕመሙ የጸና እንደሆነ ጥፋቱን በእርስዎ ሐሳብ ላይ የሚጥል ንግግር ነው። የኢዮብም ወዳጆች እንዲሁ አድርገዋል። ቀና አስተሳሰብ ዕጢውን እንደሚያጠፋ ሕክምናውም አላረጋገጠም። ተስፋና አጽናኝ ያለው ሰው ግን የሕክምናውን ጊዜ ይበልጥ ይችለዋል።

ደግሞም መርፌው የሚሠራው ቴስቶስትሮን የተባለውን፣ ካንሰሩን የሚያሳድገውን የወንድ ሆርሞን ዝቅ በማድረግ ነው። ላቡም፣ ድካሙም፣ የሆድ መባባቱም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። እርስዎ ያልጠቀሱት፣ ብዙ ወንድ ለንስሐ አባቱም ለሐኪሙም የማይናገረው ሌላ ነገር አለ፤ የሩካቤ ፍላጎት ይጠፋል። ባልም አፍሮ ጀርባውን ሰጥቶ ይተኛል፤ ሚስት ምክንያቱን ስለማታውቅ «ጠላኝ» ትላለች። ባለቤትዎ ካሉ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ጋብቻ በሩካቤ ብቻ አልቆመም፤ ማታ አብሮ ተቀምጦ ውዳሴ ማርያም መድገምም የባልና የሚስት ወግ ነው።

ጸበሉን ይጠጡ፣ ይጠመቁ፤ መርፌውን ግን አያቋርጡ። ሕዝቅያስ ጸሎቱ ተሰምቶለት እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲለብጡለት አዝዟል። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ይነግረናል። «መድኃኒቱን ጣል» የሚል አጥማቂ ቢያጋጥምዎ አይስሙት። በጨረሩ ቀን ፊኛዎ ምን ያህል ውኃ መያዝ እንዳለበት ባለሙያዎቹ ይነግሩዎታል፤ ጸበሉንም ከዚያ ልክ ይቁጠሩት።

ጾሙ ለሕመምተኛ ይቀልላል፤ ልኩን ንስሐ አባትዎ ይወስኑልዎ።

ሽንት ያመልጠኛል ብለው ከቤተ ክርስቲያን አይቅሩ። 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችውን ሴት ጌታ አላራቃትም። የሚመጥጥ ንጹሕ ነገር ታጥቀው፣ ለመውጣት በሚያመች ቦታ ይሁኑ፤ መቆም ሲያቅትዎ ይቀመጡ። ስለ ቁርባን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይማከሩ፤ ያዕቆብ በ5ኛው ምዕራፍ እንዳዘዘው ጸሎተ ቀንዲል እንዲደረግልዎም ይጠይቁ። አቅም ባገኙ ቀን ደግሞ ጥቂት ይራመዱ፤ በዚህ ሕክምና ላይ ላለ ሰው ድካምን ከሚቀንሱት አንዱ እንቅስቃሴ ነው።

የሌሊቱ ለቅሶ ሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብም ከከለከለዎ፣ እርሱም ሕክምና አለውና እንደ ሽንቱ ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።