የጡረተኛ ገንዘብና የአክሲዮን ሻጭ ተስፋ

ጥያቄ፦ አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ የ72 ዓመት ሰው ናቸው። ከዚራ ሰፈር የነበራቸውን ቤት ሸጠው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር አገኙ። አንድ የአክሲዮን ሽያጭ ወኪል እየተመላለሰ ገንዘቡን በሙሉ ምሥረታ ላይ ላለ ኩባንያ እንዲያስገቡ አደረጋቸው። «በዓመት 30 በመቶ ያገኛሉ፣ በፈለጉ ጊዜ ይሸጡታል» ብሏቸው ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ትርፍም የለ፣ ገዢም የለ። አሁን ለዓይናቸው ሕክምና ገንዘብ ቸገራቸው። ፈርመዋልና ቀረ ማለት ነው? (ድሬዳዋ)

መልስ፦ ፊርማው ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም፤ የሚዘጋው ጊዜ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1810 መሠረት በማታለል ወይም በስሕተት የተገባ ውል እንዲፈርስ የሚቀርብ ክስ 2 ዓመት ብቻ ነው ያለው። የሚቆጠረውም ጉድለቱ ከተወገደበት፣ በእናንተ ጉዳይ አባትዎ መታለላቸውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ነው። ወኪሉ «ትንሽ ታገሱ፣ ኩባንያው ሊጀምር ነው» ባለ ቁጥር እየተበላ ያለው ይህ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የባንክ ደረሰኙን አውጡ። ገንዘቡ የገባው በምሥረታ ላይ ባለው ኩባንያ ስም በተከፈተ ዝግ ሒሳብ (ኩባንያው እስኪመዘገብ ገንዘቡ በማይነካበት) ነው ወይስ በግለሰብ ሒሳብ? በግለሰብ ስም ከሆነ ጉዳዩ የውል ብቻ አይደለም፤ ስለ ማታለል የሚደነግገው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ስለሚመለከተው ለፖሊስ ያመልክቱ። በዝግ ሒሳብ ከገባ ደግሞ ከላዩ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ የተቆረጠውን ለይታችሁ ጻፉ። ይህ ክፍያ ብዙውን ጊዜ «አይመለስም» ተብሎ በውሉ ስለሚጻፍ ሁለቱን ገንዘብ ቀላቅሎ መጠየቅ ክርክሩን ያበላሻል።

«በፈለጉ ጊዜ ይሸጡታል» የተባለው ነው ትልቁ ሐሰት። በንግድ መዝገብ ያልገባ ኩባንያ ገና ሕጋዊ ሰውነት የለውም፤ የሚገበያይበት ነገርም የለም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ቢከፈትም የሚሸጥበት እዚያ የተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ቃል የሚያረጋግጥ ማስረጃ ሰብስቡ፦ የቴሌግራም መልእክትና ድምፅ (ሳይሰረዝ ወደ ሌላ ስልክ ይገልበጥ)፣ ብሮሹር፣ ወኪሉ የመጣባቸው ቀናት። በድሬ እንዲህ ያለ ተስፋ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በርጫ ላይ ነው፤ አብረው የተቀመጡት ሰዎች ምስክር ናቸው፣ ስማቸውን ዛሬውኑ ጻፉ።

ከዚያ ለኩባንያው አደራጆችና ለወኪሉ የመልስ ቀን የተቆረጠበት ደብዳቤ ስጡና ቅጂው ላይ አስፈርሙ። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 ለተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም በጽሑፍ አቤት በሉ፤ ሻጩ ፈቃድ ነበረው ወይ፣ ለገዢዎች የሚቀርበው የሽያጩ መግለጫስ ጸድቋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አቤቱታው ግን ለክስ የተሰጠውን ጊዜ ያስቆማል ብላችሁ አትቀመጡ። ድሬዳዋ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ስላለ አዲስ አበባ መመላለስ ላያስፈልግ ይችላል።

ኩባንያው ሐቀኛ ቢሆን እንኳ ይህ ገንዘብ እዚያ መግባት አልነበረበትም። ሌላ ገቢው ጡረታ ብቻ ለሆነ የ72 ዓመት ሰው የሁለት ዓመት ወጪና የሕክምናው ገንዘብ በማንኛውም ቀን ሊወጣ የሚችል መሆን አለበት። ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ እስከ 100,000 ብር መድን አለው፤ አክሲዮን ግን፣ የባንክ አክሲዮንም ቢሆን፣ ይህ መድን አይደርሰውም። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድም በ28፣ በ91፣ በ182 ወይም በ364 ቀን የሚመለስ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያሉት አጎቴ 78 ዓመታቸው ነው። ደላላቸው በየሳምንቱ እየገዛና እየሸጠ ሒሳባቸው መነመነ። ምን ማድረግ ይችላሉ? (ሐረር)

መልስ፦ የዓመቱን የሒሳብ መግለጫ ይዘው የተገዛውን ሁሉ ይደምሩ፤ ድምሩን በሒሳቡ አማካይ መጠን ያካፍሉ። 100,000 ዶላር ባለበት ሒሳብ በዓመት 600,000 ዶላር ከተገዛ ገንዘቡ ስድስት ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። ስድስት ጊዜ መዞር፣ ወይም ኮሚሽንና ወጪው ብቻ ከሒሳቡ 20 በመቶ መድረስ፣ ደላላው ለኮሚሽን ብሎ እንደሚያገላብጥ የሚያሳይ ምልክት ሆኖ ይወሰዳል። እዚያ ደላሎችን የሚቆጣጠረው ፊንራ የሽምግልና መድረክ አለው፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ 6 ዓመት ካለፈው ግን አይቀበልም። እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ ጥያቄ በአንድ ዳኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ ብቻ ይታያል።

አጎትዎ «የሚታመን ሰው» ብለው አንድ ዘመድ በሒሳባቸው ላይ ያስመዝግቡ። ያ ሰው ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ አንድ ነገር ሲያጠራጥር ግን ድርጅቱ ሊደውልለት ይችላል። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ በሆኑ ደንበኞች ላይ ብዝበዛ ከተጠረጠረም ድርጅቱ የገንዘብ ወጪን ለ15 የሥራ ቀናት ማገድ ይፈቀድለታል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለታላቅ ወንድሜ «ሙሉ ውክልና» ሰጥታዋለች። እሱም ሳይነግራት በገንዘቧ አክሲዮን ገዛ። ይችላል? (ሐረር)

መልስ፦ ውክልናው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ አይችልም። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው የሚሰጠው። የወካይን ዋና ገንዘብ ማኅበር ውስጥ ለማግባት፣ ቤት ለመሸጥ ወይም ስጦታ ለማድረግ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። እናትዎ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላሉ። የሻሩበትን ሰነድ ቅጂ ግን በዚያው ቀን ገንዘባቸው ላለበት ባንክ ቅርንጫፍ ያስገቡ፤ ባንኩ እስኪያውቅ ድረስ አሮጌውን ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ማስተናገዱን አያቆምም።